ዘጠኝ ኪሎ ሆና የተወለደችው

ደብሪቱ ሜላትን ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በወጉ አልቀመሰችም። ልጅቱ ካሳለች ሳንባዋ ነው፤ ካላሳለች ትንፋሿ ቆሞ ይሆናል። ከበላች ያንቃታል፤ ካልበላች ደግሞ አበቃላት። ባሏ ወገኔ «አንቺ ሴት፣ ምን አለ አንድ ቀን እንኳ ደህና ነገር ብታስቢ!» እያለ ይስቅባት ነበር። የሁለት ሺህ ሰባት ሐምሌ ዝናብ ሲጠና ወገኔ የበቆሎ አረም ሥራ ፍለጋ ወደ ጫግኒ ወረደ። በወረደ በሳምንቱ ሜላት ማሳል ጀመረች። የሚስቅባት ሰው በሌለበት ሰሞን ስትፈራው የኖረችው ነገር መጣ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጅቱ ጡት እምቢ አለች። ደብሪቱ የልጅቱን ልብስ ገልጣ ደረቷን አየችው። ሜላት በተነፈሰች ቁጥር ከጎድኗ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ደብሪቱ ዳንግላ ከተማ ተወልዳ እስከ አሥረኛ ክፍል የተማረች ናት፤ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። ይኸ የሚሰረጉድ ደረት እዚያ ሥዕል ላይ በቀይ ቀለም ተከቦ፣ ከሥሩ «ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ፈጥና ወሰደቻት። ለከሰል በሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ መካከል፣ ጭቃው ጫማዋን እየነጠቃት፣ ሃያ ደቂቃ የሚወስደውን መንገድ በአሥር ደቂቃ ጨረሰችው። የጤና ኬላው በር ተቆልፏል። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል።

«በተቀናጀ የጤና አገልግሎት ዙሪያ ሥልጠና ላይ ስለሆንን ለአምስት ቀን አንኖርም። ለሚፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ክብ ማኅተም ተመትቶበታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምሥራች በየሳምንቱ ሴቶቹን ሰብስባ «ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ካያችሁ አንድ ሰዓት አትቆዩ፣ መድኃኒቱ እዚሁ እኔ ዘንድ አለ» ስትል ከርማለች። መድኃኒቱ አሁንም እዚያው አለ፤ ከበሩ ወዲያ፣ ከመስኮቱ በሚታየው ቁም ሳጥን ውስጥ። ቁልፉ ግን ከየምሥራች ጋር መቀናጀት ሊማር ሄዷል። ደብሪቱ በመስኮቱ አጮልቃ ቁም ሳጥኑን ስታይ፣ የልጇን መቃብር በየትኛው ጥግ እንደሚቆፍሩት ጭምር አሰበች። ከዚያ በሩ ላይ የተጻፈውን የአምቡላንስ ቁጥር አየች። ደወለች።

«ሄሎ፣ አምቡላንስ ነው?»

«ነው። ወላድ ናት?»

«ልጅ ናት፤ መተንፈስ አቅቷት...»

«እቴ፣ ይኸ መኪና የወላድ ነው። ለልጅ አልተፈቀደም።»

«ልጅም እኮ ከወላድ ነው የመጣችው!»

«እሱ ያኔ ነበር» አለና ዘጋው።

አስፋልቱ ድረስ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። አስፋልት ላይ ተደርሶም የጥሊሊ ገበያ ቀን ስለሆነ ሚኒባሶቹ ሞልተው ነው የሚያልፉት። ደብሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋን እንደ አሮጊት አወፍራ እንደገና ደወለች።

«ወላድ ናት! ጤና ኬላው በር ላይ ነን፤ ቶሎ ድረሱ!»

«መቼ ጀመራት?»

«ሌሊቱን!»

«ውሃዋ ፈሷል?»

ዝናቡ ከጤና ኬላው ቆርቆሮ ላይ እየተንደቀደቀ በትከሻዋ ይወርዳል። «ኧረ ሁሉም እየፈሰሰ ነው!»

«ቆይ እስቲ፣ ይኸ ስልክ ቅድም ስለ ልጅ የደወለው አይደለም እንዴ?»

«እሷ ጎረቤቴ ናት፤ ስልኬን ለምናኝ ደውላ ነው። እባክህ፣ በማርያም!»

አምቡላንሱ ባልተጠበቀ ፍጥነት፣ በአርባ ደቂቃ ደረሰ። ሹፌሩ አድማሴ ወፍራም፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነበር፤ እንደወረደ ግራ ቀኙን ቃኘ።

«የታለች ወላዷ?»

ደብሪቱ ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። የሜላት ከንፈር አመድ መስሏል።

«ጉድ አፈላሽ!» አለ አድማሴ። «እኔ እኮ መዝገቡ ላይ ወላድ ብዬ ጽፌ ነው የወጣሁት! ባዶዬን ብመለስ ነዳጁን ጠጣሁት ልበል?»

«ታዲያ ወላድ ይዘህ ተመለስ።»

«ከየት አምጥቼ?»

«እኔ አልወለድኳትም እንዴ? ከሰማይ ነው የወረደችው?»

አድማሴ ልጅቱን አየና ፊቱን አዞረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መዝገብ የሚፈራ ሰው ነበር እንጂ። የኋላውን በር ከፈተ።

«ተኚ» አለ። «ስንደርስ በእግርሽ ዘለሽ እንዳትወርጂ፤ እዚያ ግቢ ውስጥ የሚጠብቀኝ ዓይን ብዙ ነው። ደግሞ ትንሽ አቃስች።»

ማቃሰቱ አላስቸገራትም። መንገዱን ሙሉ አቃሰተች፤ አንዷም የውሸት አልነበረችም።

የጤና ጣቢያው በር ላይ ትልቅ ጨርቅ ተወጥሯል። «የተቀናጀ አገልግሎት ለሁሉም፣ በአንድ ጣሪያ ሥር!» ይላል። ጣሪያው በእርግጥ አንድ ነበር። ከሱ ሥር ያሉት በሮች ግን የተኳረፉ ጎረቤታሞች ይመስላሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መዝገብ፣ የራሱ መድኃኒት፣ የራሱ ቁልፍ አለው፤ አንዱ የሌላውን ነገር አይነካም፣ ስለ ሌላውም ቢጠይቁት አያውቅም። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍል ላይ ከጤና ኬላው ጋር አንድ ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ማኅተም ተለጥፏል። ተቀናጅተው የሄዱት ሠልጣኞቹ ብቻ ናቸው።

አዋላጇ ማናለብሽ ጓንት አጥልቃ፣ እየሮጠች መጣች። ገና ሃያ አምስት ዓመት አይሞላትም። የደብሪቱን ሆድ ልትዳስስ እጇን ስትሰድ እጇ የሜላት ጭንቅላት ላይ አረፈ።

«ይቺ ደግሞ መቼ ወጣች?» አለች እየሳቀች።

«ሲስተር፣ ዋሽቼ ነው የመጣሁት። ካልሽ እሰሪኝ፤ ብቻ መጀመሪያ ልጄን እይልኝ።»

ማናለብሽ የልጅቱን ደረት ገልጣ አየች። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ወደ ተዘጋው የሕፃናት ክፍል አየች፤ መተላለፊያው ጫፍ ላይ ወደተቀመጠው ካርድ ጸሐፊ አየች። ሰውየው ቀና እንኳ ሳይል «ሕፃን ከሆነች ቅጹን ይዛ ሰባቱንም ክፍል ትዙር፤ በአዲሱ አሠራር ሁሉም ካልፈረመ መድኃኒት አይወጣም» አለ። ከሰባቱ ክፍል አራቱ ዝግ ናቸው።

«ሕፃን አይደለችም» አለች ማናለብሽ። «ወላድ ናት።» ደብሪቱ የተኛችበትን ባለጎማ አልጋ እየገፋች ወደ ማዋለጃ ክፍል አስገባቻቸው።

የኦክስጅኑ ሲሊንደር እዚያ ጥግ ቆሟል። በግቢው ያለው አንድ እሱ ነው። አንገቱ ላይ «ለእናቶችና ለአራስ ሕፃናት ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተንጠልጥሎበታል። ማናለብሽ ቀጭኗን ቱቦ የሜላት አፍንጫ ላይ በፕላስተር እየለጠፈች ተናገረች።

«ስሚኝ እቴ። ይኸንን የሰጡት ለእናቶችና ለአራሶች ነው። ከዚህ የወጣ አየር ሁሉ በወላድ መዝገብ ቁጥር ይወራረዳል። ስለዚህ አንቺ ዛሬ ወልደሻል።»

«እሺ።»

«አራት ሰዓት ከሩብ ላይ።»

«እሺ። ሲስተር፣ ኃጢአት አይሆንም?»

«ኃጢአቱ በኔ። ደግሞ ለወሩ ዕቅድ አንድ ወላድ ጎድሎን ኃላፊያችን ሲነዘንዘን ነው የሰነበተው። ደስ ይለዋል።»

ሜላትን ሚዛን ላይ አወጣቻት፤ ዘጠኝ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ካርዱ ላይም መዝገቡ ላይም 9.4 ብላ ጻፈች። «ሌላው ይዋሽ፤ ይኸ ግን አይዋሽም» አለች። «የመርፌው መጠን የሚሰላው በኪሎዋ ነው። ካነሰ አይሠራም፤ በሽታው እንደገና ይነሳል።» ከዚያ ጭኗ ላይ ወጋቻት። ሜላት አላለቀሰችም። አፏን ብቻ ከፈተች። ደብሪቱን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይኸ ነው፤ መርፌ ተወግቶ የማያለቅስ ልጅ አይታ አታውቅም።

ስድስት ሰዓት ላይ የጤና ጣቢያው ምግብ አብሳይ ገንፎ በቅቤ ይዛ ገባች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አለች፤ «ምንድን ነው?»

«ሴት» አለች ደብሪቱ፣ ጋቢውን እስከ ሜላት አፍንጫ እየሳበች።

ሴትዮዋ ጋቢው ሥር ያለውን ቁመት በዓይኗ ለካችና ገንፎውን አስቀምጣ ወጣች። እዚህ ግቢ ውስጥ ከዚህ የባሰ ነገር አይታ ይሆናል። ደብሪቱ ገንፎውን በላችው፤ አፍራለች፣ ግን ርቧታል። ልጅቱ በስድስት ሰዓት ከነበረችበት በስምንት ሰዓት ሻል ብሏት ነበር፤ ከንፈሯ አመድነቱን ለቀቀ። ደብሪቱ ግን አላመነችም። ደህና ነገር ሲመጣ ከኋላው ማን እንዳለ ሳታይ አታምንም።

ከኋላው ያለው ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ ማናለብሽን ወሰዷት፤ ከሩቅ ቀበሌ እውነተኛ ወላድ ተገኘች ተባለና ከአድማሴ ጋር እየሮጠች ወጣች። «ካርዷ ላይ ሁሉም ተጽፏል፤ ተረኛው ያያል» ብላ ሄደች። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከበላይ መሥሪያ ቤት የተላኩ ተቆጣጣሪዎች መጡ።

ሦስት ናቸው። ፊት ፊት የሚሄደው ሰውዬ ሱፍ ልብስ ለብሷል፤ ከሱ ኋላ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ይሄነው የቁልፍ ጥምር እያንሿሿ ይከተላል። ቁልፎቹ የየትኛው በር እንደሆኑ እግዜር ይወቅ፤ ጠዋት የተዘጋው አንዱም አልተከፈተም። ሰውዬው ማዋለጃው በር ላይ ቆመና የወላዶች መዝገብ ይምጣልኝ አለ። በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ጣቱ ቆመ።

«አቶ ይሄነው፣ የዛሬዋ ልጅ ክብደት ዘጠኝ ከአራት? ምን ማለት ነው?»

ይሄነው መዝገቡ ላይ አጎነበሰ። ወደ አልጋው እንኳ አልዞረም። «እ... አለቃዬ... ነጥቧ ትመስለኛለች። ልጆቹ ሲጣደፉ...»

«እሱማ ይታያል። ሁለት ከዘጠና አራት ለማለት ነው። ሁለቷ ተረስታ ነጥቧ ቦታ ስታለች።» ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። «የመረጃ ጥራት እያልን ስንት ዓመት እንጩህ? እንዲህ ዓይነት ቁጥር ወደ ላይ ቢሄድ መሳቂያ አይደለንም? አስተካክሉት። ካርዱንም አብሮ። ቅንጅት ማለት እኮ መዝገቡና ካርዱ አንድ ሲሆን ነው!»

ይሄነው ከኪሱ ነጭ ማጥፊያ ቀለም አወጣ። እንዲህ ላለ ቀን ይዞት የሚዞር ይመስላል። መጀመሪያ መዝገቡን፣ ቀጥሎ አልጋው ጎን ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ አጠፋና ጻፈ። 2.94። ካርዱን ሲያነሳ ክንዱ የሜላትን እግር ነካው፤ ጋቢው ሥር ያለው እግር አልጋው እኩሌታ ድረስ መድረሱን አላስተዋለም። አልጋው ከመዝገቡ ሦስት እርምጃ ነው። ሦስቱን እርምጃ ልጅ ለማየት የሄደ አንድም ሰው አልነበረም።

«ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው» አለ ሰውዬው፤ «ወላዷ በአምቡላንስ መጥታለች፣ በባለሙያ ተገላግላለች፣ ገንፎ በልታለች። እንኳን ደስ ያለሽ እናቴ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ደብሪቱ።

ወጡ። ግን ሩቅ አልሄዱም። ዝናቡ ወንዙን ስለሞላው መኪናቸው መሻገር አልቻለችም፤ መተላለፊያው ላይ ወንበር ተደርድሮላቸው ስለ ቅንጅት መወያየት ጀመሩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እያንዳንዱ ቃል ይሰማል።

ደብሪቱ ሒሳብ ታውቃለች። ዘጠኝ ኪሎን ለሦስት ቢያካፍሉት ሦስት፤ በአዲሱ ካርድ መሠረት ልጇ የምትወጋው የመድኃኒቷን ሲሶ ነው። ሲሶ ደግሞ አይሠራም፤ በሽታው እንደገና ይነሳል፤ ሲስተር ማናለብሽ በአፏ ነግራታለች። ቢናገሩስ? ሰውዬው እውነቱን ከሰማ ሜላት አራስ አይደለችም፤ አራስ ካልሆነች ይኸ ቱቦ ካፍንጫዋ ይነቀላል፤ ተነቅሎ የት ትወሰዳለች? ማኅተም ወደተመታበት በር። ዝም ካለች በመርፌ፣ ከተናገረች በአየር ልጇን ልታጣት ነው። ሞቱን በሁለት መንገድ አየችው፤ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ሆኖ ያገኘችው እሱን ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተረኛው ነርስ ገባ። ደጉ ይባላል፤ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ቀጭን ወጣት። በአንድ እጁ ካርዱን፣ በሌላው መርፌውን ይዟል። መርፌው ውስጥ ያለው መድኃኒት የጤፍ ፍሬ ያህል ነው።

«የጨቅላዋን ጭን ገለጥ አድርጊልኝ።»

ደብሪቱ ክንዱን ያዘችው።

«ይኸ አይበቃትም» አለች በሹክሹክታ።

«ምን?»

«ዝግ በል! ይኸ አይበቃትም እያልኩህ ነው። ጠዋት ሲስተር የወጋቻት የዚህን ሦስት እጥፍ ነው።»

«እቴ፣ አንቺ ነሽ የምታዢው?» አለ ደጉ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ካርዱ ሁለት ከዘጠና አራት ይላል! ይኸው፣ ማንበብ ከቻልሽ!»

መተላለፊያው ላይ ውይይቱ ጋብ አለ።

ደብሪቱ ጋቢውን ገፈፈችው። ሜላት ተዘርግታ ተኝታለች፤ ጸጉሯ ሹሩባ ተሠርቷል፣ እግሯ ላይ የፋሲካ ጫማዋ አለ፣ በተከፈተው አፏ ውስጥ ስድስት ጥርስ ይታያል።

«እኔ ማንበብ እችላለሁ» አለች፣ አሁንም በሹክሹክታ፣ ጥርሷን ነክሳ። «አንተ ግን ማየት ትችላለህ? ይቺ ናት ሁለት ኪሎ? ይቺ ናት ዛሬ የተወለደች? ጫማ አድርጋ?»

ደጉ አየ። በዚያ ቀን ከማናለብሽ ቀጥሎ ልጅቱን አልጋው ድረስ ቀርቦ ያየ ሰው እሱ ነው። ካርዱን አየ፣ ጥርሶቹን አየ፣ እንደገና ካርዱን አየ፤ የትኛው እንደተሳሳተ ለመወሰን ጊዜ ወሰደበት። ተምሯልና።

«እዚያ ምን ችግር አለ?» አለ የይሄነው ድምፅ ከውጭ።

ደብሪቱ ክንዱን አልለቀቀችም። ጥፍሯ ገብቷል። ደጉ ወደ በሩ ዞረ።

«ምንም የለም!» ብሎ መለሰ። «እናትየው መርፌ ፈርታ ነው።»

ወጣና ተመለሰ። አሁን ያመጣው መርፌ ሙሉ ነው። አንድም ቃል ሳይናገር ወጋት።

ሜላት አለቀሰች። ያኔ ጠዋት አፏን ከፍታ ድምፅ ያጣችው ልጅ አሁን ጣሪያውን እስኪያናጋ ጮኸች፤ እግሯን እያወናጨፈች፣ ደጉን በጫማዋ ሆዱ ላይ መታችው። ግቢው ውስጥ ካለው የእናቶች ማቆያ ቤት ቀናቸውን የሚጠብቁ እርጉዞች ጩኸቱን ሰሙ፤ አንዷ እልል አለች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። የማዋለጃ ክፍል ልቅሶ ለነሱ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው።

«ይኸዋ!» አለ ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ከወንበሩ ሆኖ። «ሰማችሁ? ጠንካራ ጨቅላ! የቅንጅት ውጤት ማለት ይኸ ነው። ይኸንን በተሞክሮነት መዝግቡልኝ።»

መዘገቡ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ ይሰማ ነበር።

ደብሪቱ ልጇን አቅፋ አባበለቻት። ልቅሶውን እየሰማች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ግን ወዲያው ሌላ ነገር ታያት። ሁልጊዜም ሌላ ነገር ይታያታል።

«የሚቀጥለው መርፌ መቼ ነው?» አለችው ደጉን።

«ሌሊት አምስት ሰዓት።»

«አንተ ነህ የምትወጋት?»

«አይደለሁም። ሁለት ሰዓት ላይ ሌላ ተረኛ ይገባል። እሱ ካርዱን አይቶ...»

«ካርዱን አስተካክለዋ!»

ደጉ ገርበብ ባለው በር ወደ ወንበሮቹ አየ። «አለቃ ያረመውን?» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አልችልም፣ እቴ።»

«ለሚተካህስ በአፍህ አትነግረውም?»

«እነግረዋለሁ። ዘግይቶ ሳንገናኝ ካልቀረን።»

«አትገናኙም» አለች ደብሪቱ። አልተጠራጠረችም። «ፕላስተር ስጠኝ። ሰፋ ያለ።»

ደጉ ቆርጦ ሰጣት። እስክሪብቶውን ሳታስፈቅድ ከደረት ኪሱ መዘዘች። ፕላስተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ አሥረኛ ክፍል ድረስ ባዳበረችው ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣ ከሩቅ እንዲታይ አድርጋ ጻፈች። «9 ኪሎ ከ4። ካርዱን አትመኑ።» ሜላት ግንባር ላይ ለጠፈችው።

ልጅቱ ልቅሶዋን አቋርጣ ፕላስተሩን ልትነቅለው እጇን አነሳች። ደብሪቱ እጇን ያዘችባት፤ ሜላትም ተናደደችና እንደገና መጮህ ጀመረች።